የኒዮፕሪን ጫማ ሽፋን፦ ነፋሱን ያቆማል፣ ከታች የሚመጣውን ግን አይችልም

ዊንተር ገብቶ ሳይክሉን የማይተው ሰው መጀመሪያ ጓንት ይገዛል፣ ቀጥሎ በጫማ ላይ የሚጠለቅ የኒዮፕሪን ሽፋን። ዋጋው በአብዛኛው ከ40 እስከ 100 ዶላር ነው። ፍርዱን አስቀድመን እንንገራችሁ፦ ከ0 እስከ 10 ዲግሪ ሴልሺየስ (ከ32 እስከ 50 ፋራናይት) ባለው ብርድ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ለማይበልጥ መንገድ ዋጋውን ያወጣል። ከ-5 በታች ብቻውን አይበቃም። ጠፍጣፋ (ጫማ የማይነክስ) ፔዳል ለሚነዳ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አያስፈልግም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ሽፋኑ በደንብ የሚሠራው ሥራ ነፋስ ማቆም ነው። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቴርሞሜትሩ 0 እያለ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ስትነዱ፣ የተገለጠ ቆዳ ላይ የሚሰማው ብርድ የ-5 ያህል ነው። የሳይክል ጫማ ደግሞ ለበጋ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ፊቱ መረብ፣ ጎኑ ቀዳዳ። እግር ፔዳል ላይ ሲሆን እንደ እርምጃ አይታጠፍም፣ ጣቶቹም ሥራ ፈተው ይቀመጣሉ፣ ስለዚህ ባት ላብ በላብ ሆኖ ሳለ ጣት ይደነዝዛል። ኒዮፕሪን በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ የታሸገበት ላስቲክ ነው፤ ነፋስ አያሳልፍም፣ ቢረጥብም ሙቀት ይይዛል። 3 ወይም 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል። 5 ሚሊ ሜትሩ ይበልጥ ይሞቃል፣ ግን ለማጥለቅ ትግል ነው።

አሁን ወደ ችግሩ። ሽፋኑን ገልብጣችሁ ሥሩን ብታዩት፣ ለክሊቱ (ጫማውን ፔዳል ላይ ለሚያስይዘው ቁራጭ) የተተወ ትልቅ ቀዳዳ አለ፣ ብዙ ጊዜ ለተረከዙም ሌላ። ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። ክሊት ብዙ ጊዜ ብረት ነው፣ የታሰረበት ብሎን ብረት ነው፣ የተነከሰበት ፔዳልም ብረት ነው፤ ሦስቱ ተያይዘው ሙቀቱን ከእግር መዳፍ ሥር ይስባሉ። ብዙ የበጋ ጫማ በዚህ ላይ ሶሉ ላይ የአየር መግቢያ አለው። ሽፋን ገዝቶ «ምንም ለውጥ የለውም» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተበሳጨው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በዕቃው ጥራት አይደለም።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። የውስጥ ሶሉን አውጡ። ክሊቱ የታሰረበትን ቦታና የአየር ቀዳዳዎቹን ከውስጥ በኩል ሰፊ ፕላስተር (ዳክት ቴፕ የሚባለው ጨርቃማው) ለጥፉባቸው፤ ከመለጠፋችሁ በፊት አቧራውን በአልኮል ጥረጉ፣ አለዚያ በሳምንት ይላቀቃል። ከዚያ ቀጭኑን ሶል በሱፍ ወይም ሥሩ የአልሙኒየም ፎይል በተለጠፈበት ሶል ለውጡ። ክሊቱን ማስተካከል ከፈለጋችሁ ከማሸጋችሁ በፊት ጨርሱ፤ አንዳንዱ ጫማ የክሊቱን ቦታ ለመቀየር ከውስጥ በኩል መንካት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፣ ለውጡም ከ3 ሚሊ ሜትር ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሽፋን ከመሻገር ይልቃል።

ወፍራም ሶል ስትጨምሩ ግን ጫማው ይጠብባችኋል፣ ጠባብ ጫማ ደግሞ ከቀዳዳ ጫማ የባሰ ነው። ሙቀት ወደ ጣት የሚሄደው በደም ነው፤ ሰውነት ሲበርደው በራሱ ወደ እጅና እግር የሚልከውን ደም ይቀንሳል፣ ጫማው በላዩ ሲጨምቅ ያቺ የቀረችውም ትቆማለች። ሁለት ካልሲ ደርበው ይበልጥ የሚበርዳቸው ሰዎች ምሥጢር ይኸው ነው። መለኪያው ቀላል ነው፦ ካልሲውንም ሽፋኑንም አድርጋችሁ አምስቱን ጣቶች ማንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ጠቧል። መጀመሪያ ካልሲውን ቀንሱ፣ ከዚያ ማሰሪያውን አላሉ፤ ለዊንተር የተለየ ጫማ የምትገዙ ከሆነ በአውሮፓ ቁጥር አንድ ከፍ አድርጉ። ሽፋኑም ራሱ ጠባብ ሊሆን ይችላል። ዚፑ ተጎትቶ በግድ የሚዘጋ ከሆነ የበላዩን ቁጥር ውሰዱ፤ በተለይ ጫማችሁ ሰፊ ሶል ያለው የተራራ ሳይክል ጫማ ከሆነ በሳጥኑ ላይ ያለውን የቁጥር ሠንጠረዥ አትመኑ።

ሱቅ ውስጥ ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ስፌቱን እዩ። ሽፋኑን ገልብጡና ወደ መብራት አንሱት። በመርፌው ቀዳዳ ብርሃን ሾልኮ ከታያችሁ ውሃም በዚያው ይገባል። ጥሩው ላይ ስፌቱ በውስጥ በኩል ቀጭን የላስቲክ ጥብጣብ ተለጥፎበታል። ቀጥሎ የጣቱን ጫፍ ዳስሱ፦ ድርብና ሸካራ ላስቲክ ሊኖረው ይገባል፣ ቀይ መብራት ላይ ቆማችሁ አስፋልት ስትረግጡ መጀመሪያ የሚበላው እሱ ነው። ዚፑ ከተረከዙ በኩል ይሁን፣ ከኋላው ውሃ የሚከለክል ምላስ ይኑረው፣ መያዣውም በጓንት የሚያዝ ትልቅ ይሁን። በቬልክሮ ብቻ የሚዘጋው ርካሽ ነው፣ ጭቃ ሲገባበት ግን መያዙን ይተዋል። ጣትን ብቻ የሚሸፍን ትንሽ ቆብም ይሸጣል፤ ለአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ እሱ ይበቃል፣ ሙሉው ይበዛበታል።

አደራረጉ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽፋኑን በባዶ እግር በኩል አስቀድማችሁ ወደ ቁርጭምጭሚት ሳቡት፣ ከዚያ ጫማውን አድርጋችሁ ሽፋኑን ከላይ ወደ ታች አውርዱት፤ ጫማ ላይ ከፊት ጀምሮ ማጥለቅ ነው ስፌቱን የሚበጥሰው። ዝናብ ከሆነ የሱሪው ጫፍ ከሽፋኑ አንገት ውጭ ይሁን። ውስጥ ካስገባችሁት ውሃው ባት ለባት ወርዶ ጫማው ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሽፋኑም እንደ ባልዲ ይይዘዋል። የፊት ፓራፋንጎ ከሌላችሁ ደግሞ ውሃው የሚመጣው ከሰማይ ሳይሆን ከጎማው ነው፣ ቀጥ ብሎ እግር ላይ። ዝቅ ያለ የጎማ ምላስ ያለው ፓራፋንጎ ከሽፋኑ እኩል ዋጋ አለው።

ካልሲው አንድ፣ የሱፍ። ጥጥ አይሁን። ጋቢያችን ጥጥ ነው፣ ቤት ውስጥ እሱን የሚያህል የለም፤ ካልሲ ሲሆን ግን ጥጥ ላቡን ጠጥቶ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ውሃም ከአየር 25 እጥፍ ያህል ሙቀት ይወስዳል። ኒዮፕሪን ላብ አያስወጣም፣ ስለዚህ ረጅም መንገድ ላይ ካልሲው ከውስጥ መርጠቡ አይቀርም። ለዚህ የቆየ ዘዴ አለ፦ ቀጭን ካልሲ፣ በላዩ ቀጭን ፌስታል፣ በላዩ የሱፍ ካልሲ። እግሩ ትንሽ ይረጥባል፣ ሱፉ ግን ደርቆ ይቀራል። ሽታውን አንመሰክርለትም።

የሚለጠፈው የጣት ማሞቂያ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል ይባላል፤ እዚህ ጋ ግን ይደክማል። ውስጡ ያለው የብረት ዱቄት ነው፣ የሚሞቀውም ከአየር ጋር ሲገናኝና ሲዝግ ነው፤ በኒዮፕሪን ታሽጎ አየር ሲያጣ ይቀዘቅዛል። ከመውጣታችሁ 15 ደቂቃ በፊት ክፈቱት፣ ከጣቶቹ ሥር ሳይሆን በላያቸው ካልሲው ላይ ለጥፉት፤ ከሥር ከሆነ ቦታ ይሻማል። ቆዳ ላይ በቀጥታ አይለጠፍም፣ የደነዘዘ ጣት መቃጠሉን አያውቅም።

ከ-5 በታች ለሚነዳ ሰው ትክክለኛው ዕቃ የዊንተር ሳይክል ቡትስ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ200 ዶላር በላይ ያወጣል። ሚኒያፖሊስ የምትኖሩ ሐበሾች ይህን ማስረዳት አያስፈልጋችሁም። እዚያው አጠገብ ከብሉሚንግተን የሚወጣው ፎርቲፋይቭ ኖርዝ የተባለ የዊንተር ሳይክል ዕቃ አምራች ስሙን ያገኘው በሚኒሶታ ከሚያልፈው 45ኛው የኬክሮስ መስመር ነው፤ ዎልፍሃመር የተባለውን ቡትስ እስከ -18፣ ውስጡ የሚወልቅ የሱፍ ቡትስ ያለውን ዎልፍጋርን ደግሞ እስከ -32 ድረስ ይመድባቸዋል። የፋብሪካ ቁጥር ግን ለሚንቀሳቀስ፣ ጫማው ላልጠበበው ሰው ነው፤ ከብርዱ 10 ዲግሪ ቀንሳችሁ አስቡት፣ -18 የተባለውን እንደ -8።

ምግብ የምታደርሱና ቀኑን ሙሉ እየወረዳችሁ ደረጃ የምትወጡ ሁለቱንም አትግዙ። ሽፋኑ ለእርምጃ አልተሠራም፣ ሥሩ በጥቂት ሳምንት ያልቃል፤ ክሊትም ደረጃ ላይ ያንሸራትታል። ጥርስ ያለው ሰፊ የፕላስቲክ ፔዳልና አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ውሃ የማያስገባ የበረዶ ጫማ ይበልጣል፦ ሶሉ ወፍራም ነው፣ ብረት አይነካውም፣ እግሩም በየደንበኛው በር እየተራመደ ይሞቃል።

ሽፋኑን በእጅ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፣ ገልብጣችሁ አስጡት። ራዲያተር ላይ ከተሰጣ ላስቲኩ ይደርቅና የስፌቱ ሙጫ ይለቃል። ክሊቱ ቀዳዳ ዳር የተቀደደውን በኮንታክት ሙጫ መያዝ ይቻላል፦ ሁለቱንም ወገን ቀብታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ፣ ከዚያ አጣብቃችሁ ጫኑት። ዚፑ ከተበላሸ ወደ ጫማ ሰሪ ውሰዱት፤ ከአዲስ ሽፋን በጣም ይረክሳል።