ባለቤቴ መልስ እስኪሰጥ ለጠበቀችው ሐኪም

ሜሪላንድና አካባቢው ያላችሁ ወገኖቼ እንደ እኛ እንዳትንከራተቱ ብዬ ነው የምጽፈው።

ባለቤቴ ሀንቲንግተን የሚባል በዘር የሚተላለፍ የአንጎል በሽታ አለበት። ስሙን እስክናውቅ አራት ዓመት ፈጀብን። አንዱ ጋ "ጭንቀት ነው"፣ ሌላው ጋ "ይጠጣል እንዴ?" (ጠላ እንኳ የማይቀምስ ሰው!)። በመጨረሻ አንድ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ አስተርጓሚ መጥራት ሰልችቷቸው የ14 ዓመት ልጄን አስተርጉሚ አሏት። "የአባትሽ አንጎል እየተኮማተረ ነው፤ እያንዳንዱ ልጁ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።" ስለራሷ እያወራች መሆኑ የገባት መሃል ላይ ነው። ድምፅዋ የተቋረጠበት ቦታ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ከዚያ አንዲት እህት ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ያለውን የሀንቲንግተን ማዕከል ጠቆመችን። ሐኪሟ ገና እንደገባን ልጄን አየት አድርጋ ውጭ እንድትቆይ አደረገች፤ አስተርጓሚ አስጠራች። የአንጎሉን ፎቶ፣ ኤምአርአዩን፣ አሳየችን። አንድ ስሙ የማይያዝልኝ ክፍል ስለሳሳ አጠገቡ ያለው ውኃ የሞላበት ክፍተት ሰፍቷል። መሳሳቱ የጀመረው ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ መወራጨት ሳይጀምር ገና ከብዙ ዓመት በፊት ነው አለችን። ጀምሮ የተዋቸው ፎርሞች፣ ምድጃ ላይ ያረረው ሽሮ ትዝ አሉኝ። ሰነፍክ እያልኩ ስንቴ ተጣልቼዋለሁ!

"ግን ፎቶው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስብ አይነግረንም" አለችና ወደ እሱ ዞረች። "አንተን የሚያስጨንቅህ ምንድን ነው?"

ዝም። እንደ ልማዴ ልመልስለት አፌን ስከፍት በእጇ አስቆመችኝ። አስተርጓሚውም ዝም። ጠበቀችው፣ ጠበቀችው።

"ልጅቷ ብቻዋን ውጭ ተቀምጣለች" አለ።

መልሱ አልጠፋበትም፣ ይዘገይበታል እንጂ፤ አንድ አንድ ነገር ጠይቂው፣ ምርጫ ስጪው አለችኝ። አሁን "ምን ትበላለህ?" አልለውም። "ሽሮ ወይስ ምስር?" ብዬ እጠብቃለሁ። ይመልሳል! ለልጄም በሽታውን መውረስ አለመውረሷን የሚያሳየው ምርመራ 18 ዓመት ሳይሞላት እንደማይደረግ፣ ከዚያም በኋላ ካልፈለገች ማንም እንደማያስገድዳት ረጋ ብለው አስረዷት። የዚያን ቀን ማታ እራቷን በላች።

ያድናሉ አልልም፤ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም። ግን ሂዱ፣ እባካችሁ ሂዱ። አስተርጓሚ በነፃ ነው፣ ቀጠሮ ስትይዙ ገና "አማርኛ" በሉ፤ ልጆቻችሁን አታስተርጉሙ። እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት። የሐኪሟን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ማታ ማታ እመልሳለሁ።