የፎርማኖች የአመራር ስልጠና፦ ግዙት፣ ግን አለቆቹም ይቀመጡ

መሥሪያ ቤታችን አሰልጣኝ አስመጥቶ ለፎርማኖችና ለሳይት ኢንጂነሮች የቡድን አመራር ስልጠና ሰጠን። ለሠራተኞቼ ልግዛው ወይስ ይቅር ለምትሉ ኮንትራክተሮች ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከሁሉም የወደድኩት ላስት ፕላነር የሚባለውን የሳምንት እቅድ አወጣጥ በተግባር ያሠሩን ክፍል ነው። ግሌን ባላርድና ግሬግ ሃወል ያመጡት ዘዴ ነው። እቅዱ ከቢሮ ተጽፎ አይወርድም። አናጺው፣ ፌሮ ሠራተኛውና ኤሌክትሪሻኑ አንድ ላይ ተቀምጠው በሚቀጥለው ሳምንት የሚጨርሱትን ራሳቸው ቃል ይገባሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ከ10 ቃል 7ቱ ከተፈጸመ 70 በመቶ ተብሎ ይመዘገባል፤ የቀሩትን ምን እንዳደናቀፋቸው ይጠየቃል እንጂ ጥፋተኛ አይፈለግም።

ልምምዱ ላይ የፌሮ ኃላፊው "ሐሙስ አልደርስም" አለ። ፎርማኑ "እንደምንም ብለህ ጨርስ" ሊል ሲል አሰልጣኙ በእጁ አስቆመውና "ምን ቢሟላልህ ትደርሳለህ?" ብሎ ጠየቀ። ለካ የፌሮ መቁረጫው ወደ ሌላ ብሎክ ተወስዷል። ይሄን የሰማው ኤሌክትሪሻንም የታችኛው ፌሮ ሳይታሰር የሶሌታውን (የወለሉን አርማታ) የኤሌክትሪክ ቱቦ መዘርጋት ስለማይችል የራሱንም ቀን ቀየረ። ሥራ ላይ ቢሆን ይሄ ጉድ የሚታወቀው ሐሙስ ጠዋት፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።

ስለ ዝምታ ያነሱትም ልክ ነው። ሚክሰሩ ዘግይቶ ይደርሳል፣ አርማታው ጠጥሯል፣ አንዱ "ውሃ ጨምሩበት" ይላል። ውሃ ሲበዛ ጥንካሬው እንደሚቀንስ እዚያ የቆመው ሁሉ ያውቃል፤ አለቃውን ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። ለሙከራ የተወሰደው የአርማታ ኪዩብ በ28 ቀኑ ተጨፍልቆ ውጤቱ ዝቅ ሲል በላዩ ሌላ ፎቅ ተጀምሯል። ቀን ሠራተኛ "ቆይ፣ ይቁም" ሲል የሚቆጣ ፎርማን ካለ ስንት የጥራት ፎርም ቢሞላ ዋጋ የለውም፣ እኔ በዚህ በጣም ነው የማምነው።

የሰው ጠባይ በአራት ቀለም የሚከፈልበት ክፍል ግን ጊዜ ማባከን ነው። ቢቀር አይጎዳም።

ትልቁ ጉድለት የተጋበዘው ሰው ነው። ፕሮጀክት ማናጀሮቹ አልመጡም፣ ሳብ ኮንትራክተሮቹም አልተጠሩም። ፎርማኑ የተማረውን ይዞ ሳይት ሲመለስ ማናጀሩ "ስብሰባውን ተወውና አሠራ" ካለው አበቃ። ሳብ ኮንትራክተሩ ደግሞ ቃል መግባት የሚባለውን ነገር ጭራሽ አልሰማም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ተደራደሩ። አንደኛ፣ ማናጀሩና የሳብ ኮንትራክተር ኃላፊዎች አብረው ይሰልጥኑ። ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ ከወር በኋላ ሳይት ድረስ መጥቶ የሳምንቱን ስብሰባ ይይ፣ ያርም። የእኛው ውል ውስጥ ይሄኛው አልነበረም፤ ለሚቀጥለው ዙር እንዲገባ ጠይቀናል።