ከዳማችን ጋር ላደረው ዶክተር

ጅማ ያላችሁ፣ ፈረስ ያላችሁ ሁሉ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ዳማ የአባዬ ባዝራ ናት። አባዬ (አላህ ይዘንለት) ካረፈ 10 ወር ሆነው። ጋሪውን ሸጥነው፤ እሷን መሸጥ ግን አልሆነልንም። እሱ ሲያርፍ አርግዛ እንደነበር ማናችንም አላወቅንም። በኋላ ሆዷ ሲገፋ ነው የገባን።

ሐኪም ፍለጋ ያየሁት መከራ! አንዱ ዓይኗን እንኳ ሳያይ መርፌ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ዝም ብለህ ውጋት» አለኝ። አልወጋኋትም፣ አልሐምዱሊላህ። ሌላው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሦስተኛው «ፈረስ አይደለች እንዴ፣ ራሷ ትወልዳለች» ብሎ ሳቀብኝ። ያ ሳቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ይሄን ልጅ የጠቆመኝ የጂሬን ጎረቤታችን ነው። ከጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የተመረቀ ነው። በዝናብ፣ በእግሩ መጣ። መጀመሪያ አልነካትም። እጁን አስሸተታት፤ «ሱታ፣ ሱታ» (በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ) እያለ አረጋጋት። ከዚያ ጡቷን አየ። ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ነበር። የጅራቷን ሥር ዳበሰ፣ ላልቷል። «ባዝራ 11 ወር ገደማ ትሸከማለች፣ ቀኑን ግን እሷ ናት የምታውቀው። ዛሬ ወይ ነገ ሌሊት ይመስለኛል» አለ።

ይሄዳል ብዬ ስጠብቅ ጋቢ ጠየቀን። አዲስ ጭድ አስነጠፈ፣ መብራቱን አጠፋ፣ ሁላችንንም ከጋጣው አስወጣን። ሰው ካፈጠጠባት ምጧን ትይዘዋለች አለ። ራሱ በር ላይ በርጩማ ይዞ ተቀመጠ። ምንም አላደረገም። ዝም ብሎ ማዳመጥ ብቻ። እኔ ግን በዚያ ሌሊት ካየሁት ሙያ ሁሉ የበለጠብኝ ይሄ ዝምታው ነው።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወለደች። ምጧ ከጠና በኋላ 20 ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ውርንጭላዋ ተንገዳግዳ ቆመች። ዳማ ግን የመጀመሪያዋ ስለሆነ አላጠባም ብላ ትራገጥ ጀመር። ልቤ ቆመ። እሱ ግን ሳይቆጣ እንገሩን በእጁ አለበና ውርንጭላዋን አጠጣት። «ይሄ ቶሎ ካልገባላት በሽታ አትችልም» አለ። ቀስ እያለ እናትና ልጅን አለማመዳቸው። እንግዴ ልጁ ሲወጣ መሬት ላይ ዘርግቶ አገላበጠው። ምን እንደሚፈልግበት አልገባኝም። ሲጨርስ ግን «ሙሉ ነው፣ ውስጧ የቀረ የለም» ብሎ ፊቱ ፈካ። በ3 ሰዓት ውስጥ ባይወጣ ኖሮ አደጋ እንደነበር የነገረን ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ ሊያስደነግጠን አልፈለገም።

ነጋ። እማዬ ከተነጋገርነው ሂሳብ ጨምራ ብትሰጠው «እናቴ፣ በዚህ ፉርሽካ ግዙላት» ብሎ መለሰላት። እማዬ አለቀሰች። አባዬ ከሞተ ወዲህ ለዳማ እንዲህ ያሰበላት ሰው የለም።

ወገኖቼ፣ የደረሰች ባዝራ ያላችሁ፣ ላምም ይሁን አህያ፣ ይሄን ልጅ ጥሩት። ደግሜ እላለሁ፣ ጥሩት! ምጥ እስኪመጣ አትጠብቁ፣ ቀደም ብሎ ይያት። አላህ እድሜውን ያርዝምልን።

ውርንጭላዋ ዛሬ 9 ቀኗ ነው። የምትተኛው የአባዬ ጋሪ ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ነው። የዶክተሩን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን እልካለሁ።