አዲስ የልጆች ክትባት፦ በግዴታ ይሁን ወይስ በማሳመን?

ባህር ዳር ላይ ይሄ ወሬ ሲነሳ ሰው ለሁለት ነው የሚከፈለው፣ አንዱ "ህግ ይውጣ" ሌላው "በግድ ከሆነማ ሰው ይሸሻል"።

ለግዴታው ማስረጃ አለ፤ ጣሊያን እኤአ በ2017 10 ክትባት፣ ፈረንሳይ በ2018 11 ክትባት ግዴታ አደረጉ፣ የሚከተበው ልጅም ጨመረ፣ አይካድም። ኩፍኝን ለማቆም ከ100 ልጅ 95ቱ መከተብ አለበት፣ ቀልድ አይደለም።

ችግሩ እነሱ ጋ ግዴታው የሚይዘው ልጁ መዋዕለ ህጻናት ሲመዘገብ ካርድ አምጣ ተብሎ ነው። እኛ ጋ ሮታ (የህጻናት ተቅማጥ መከላከያ ክትባቱ) የሚሰጠው በ6 እና በ10 ሳምንት ነው፣ ታዲያ በ4 ዓመቱ ኬጂ በር ላይ ካርድ ብትጠይቅ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ደሞ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፤ ደቅ ደሴት ላለች እናት የበረዶ ሳጥኑ በጀልባ ካልደረሰላት ማን ነው የሚቀጣው፣ እሷ?

ማሳመን ግን ቀርፋፋ ነው፣ ያደክማል። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ዞራ፣ ቡና ላይ ቁጭ ብላ "ማታ ትንሽ ያተኩሰው ይሆናል፣ አይዞሽ" ስትል ነው እናቲቱ ለሁለተኛው ዙር የምትመለሰው። "መካን ያደርጋል" የሚለው ወሬ በቅጣት አይጠፋም፣ እንደውም "ጤነኛ ነገር ቢሆን ለምን ያስገድዱናል?" ይባላል።

እኔ ለኩፍኝ ትምህርት ቤት ካርድ ቢጠየቅ አልቃወምም፣ ለአዲሶቹ ግን መጀመሪያ አቅርቦቱ ይድረስ ባይ ነኝ። ደሞ ጣሊያንም ፈረንሳይም በግዴታ ክትባት ለተጎዳ ካሳ ይከፍላሉ፣ እዚህ "አስገድዱ" የሚሉት ይቺን ሲያነሱ አልሰማሁም።