የሙዚቃ ማሠልጠኛ ወይስ የግል አስተማሪ? ብሩን እንቁጠረው

ሰኔ ገብቶ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል "ልጄን ሙዚቃ የት ላስመዝግባት?" እያለ የሚደውልልኝ ሰው ይበዛል። አሁን አሁን ደግሞ ጡረታ የወጡ አባቶችም ክራር እንማር እያሉ ነው። ለሁሉም የምመልሰው አንድ ነው፦ ገንዘባችሁን ለግል አስተማሪ ስጡ። ማሠልጠኛ ግቡ የምለው ሰው ጥቂት ነው፤ እሱን ወደ ታች አነሳዋለሁ።

መጀመሪያ ብሩ። ሰሞኑን አዲስ አበባ ውስጥ ስጠያይቅ አንድ መካከለኛ ማሠልጠኛ በወር 3,500 ብር አለኝ፤ በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንድ ሰዓት። መመዝገቢያ 500 ለብቻው፣ መለማመጃ ጥራዝ 300 ለብቻው፣ የምስክር ወረቀትም ሲደርስ ለብቻው። የሦስት ወሩን በአንዴ ክፈሉ ይላሉ፤ ልጁ በሁለተኛው ሳምንት ቢታመም ወይም ቢሰለች ብሩ አይመለስም። ቤት ድረስ የሚመጣ የክራር አስተማሪ ደግሞ በሰዓት 800 ጠየቀኝ። በሳምንት አንድ ቀን ቢመጣ በወር 3,200።

እዚህ ላይ ሰው "ማሠልጠኛው ስምንት ሰዓት ይሰጣል፣ የግሉ አራት" ብሎ ወደ ማሠልጠኛው ይሮጣል። ቆይ እንጂ! ክፍሉ ውስጥ ስምንት ልጅ አለ። አስተማሪው ለሁሉም እኩል ቢያዳርስ ለአንዱ የሚደርሰው ከሰዓቱ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው፤ የወሩ ቢደመር አንድ ሰዓት። 3,500 የከፈላችሁት ለዚች አንድ ሰዓት ነው። የቀረውን ጊዜ ልጁ የሌሎቹን ስህተት ሲሰማ ይውላል፣ ካልሆነም ስልኩን ሲነካካ። የእጅ አያያዝ አንዴ ከተበላሸ ደግሞ ለማቃናት ከመጀመሪያው የበለጠ ጊዜ ይፈጃል፤ ያንንም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

የግሉንም ማርከስ ይቻላል። ከ800ው ውስጥ ጥሩ ድርሻ ያለው የመንገድ ነው፤ ከሲኤምሲ ጀሞ የሚመጣ ሰው የታክሲውንና በሰልፍ የቆመበትን ጊዜ ሳይቆጥር አይቀርም። እናንተ ወደሱ ቤት ብትሄዱ 550 ድረስ ይወርዳል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ከሆነ ጎረቤት ፈልጉና ሁለቱን ልጆች ተከታትሎ በአንድ ቀን እንዲያስተምር ተስማሙ፤ መንገዱ አንዴ ስለሆነ ለእያንዳንዳችሁ ይቀንሳል። ለስድስት ዓመት ልጅ ሙሉ ሰዓት አትግዙ። ግማሽ ሰዓት ይበቃዋል።

የግል አስተማሪ ትልቁ ጣጣ መቅረቱ ነው። አብዛኞቹ ተጫዋቾች ናቸው፤ ጥር ገብቶ ሠርግ ሲደራረብ ቅዳሜና እሑድ አይገኙም፣ ከፋሲካ በኋላም እንደዚሁ። ስለዚህ ቀጠሮውን ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አድርጉት። ክፍያውንም በአራት ክፍለ ጊዜ እንጂ በወር አትቁረጡ፤ አራቱን ሲጨርስ ቀጣዩን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ የቀረበት ቀን ይተላለፋል። መደራደር የምትፈልጉ ሁዳዴን ጠብቁ። ያኔ ሠርግ የለ፣ የሌሊት ሥራው ቀዝቅዟል፣ በሌላ ጊዜ ከ800 ንቅንቅ የማይለው ሰው 600 ብትሉት ይስማማል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር፣ ወደ መሣሪያው። የእህቴ ልጅ የተመዘገበበት ቦታ (ስሙ ይቅር) "ክራሩን ከእኛ ነው የምትገዙት" ብሎ እህቴን 6,000 ብር አስከፈላት። ቱሪስት ግድግዳ ላይ እንዲሰቅለው የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ፊቱ በዛጎልና በሥዕል አጊጧል፣ ቀንበሩ ግን አውራ ጣት የማያክል ለስላሳ እንጨት። ትዝታ ተቃኝቶ አንድ ዜማ ሳያልቅ ሦስተኛው ክር ይወርዳል፤ የተጠመጠመበት ጨርቅ ቀንበሩ ላይ ይሟልጣል። ልጁ ይመልሰዋል፣ ይህኛው ሲስተካከል የጎኑ ይረግባል። ክረምት ሲገባ ቆዳው ላላና ድምፁ ዝናብ የመታው ከበሮ ሆነ። ጠጋኙ ገልብጦ እንዳየው "ቆዳው መጀመሪያውኑ በደንብ አልተወጠረም" አለ። ቆዳ መቀየሪያ 1,200፣ ቀንበር መቀየሪያ 900፤ ጠቅላላው 8,100 ብር። በዚህ ብር አሥር ሰዓት የግል ትምህርት ይገኝ ነበር።

የግል አስተማሪ ካላችሁ መሣሪያ ስትገዙ ይዛችሁት ሂዱ፤ የአንድ ሰዓቱን ብትከፍሉትም ያዋጣል። ሱቁ ውስጥ ያስቃኙትና ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ፤ ስትመለሱ ቅኝቱ ከወረደ ጥላችሁት ውጡ። ለጀማሪ በጨርቁ ፋንታ በእጅ የሚዞር የጊታር መቃኛ የተገጠመለትን ክራር እመርጣለሁ። ጨርቅ ጠምጥሞ መቃኘት ያምራል፣ ግን ከሰዓቱ ሩብ ያህሉ በመቃኘት ካለቀ 200 ብር ሄደ ማለት ነው። ኪቦርድ የምትገዙ፣ ቁልፉ ጠንከር ተደርጎ ሲመታ ድምፁ ካልጎላ አሻንጉሊት ነው፤ አስማሚው ሲቃጠልም ከመንገድ ያገኛችሁትን አትሰኩበት። የያማሃ ኪቦርዶች አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፣ የካሲዮ ብዙዎቹ 9.5።

"ያሬድ (የሙዚቃ ትምህርት ቤቱ) ነው የተማርኩት" የሚል ሁሉ የእናንተን መሣሪያ ያስተምራል ማለት አይደለም። ዋና መሣሪያህ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቁ፤ ሳክስፎን ካለ ለፒያኖ አትቅጠሩት። ክራር አስተማሪን ደግሞ ከትዝታ ቅኝት ወደ ባቲ ቅኝት ፊታችሁ እንዲቀይር አድርጉ፤ በጆሮው እየሰማ ከቃኘው ጥሩ ነው፣ የስልክ አፕ ከፍቶ ከፈለገ ሌላ ሰው ፈልጉ።

ማሠልጠኛ የሚሻለው ለማን ነው? መሣሪያ ለሌለው፣ ልጁ ይወደው እንደሆነ አንድ ወር ብቻ ማየት ለሚፈልግ፣ እና በቡድን መጫወት ለደረሰ። የችክችካን ምት ከሌሎች ጋር ሳይሳቱ መያዝ ለብቻ አይለመድም። በገናን በተመለከተ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ጠይቁ፤ የሚያስተምሩ አሉ፣ በዋጋም የግሉ አይወዳደራቸውም።

ዋሽንግተንና አካባቢው ያላችሁ፣ እዚያ ክራር የሚያስተምር ካጣችሁ ከአዲስ አበባ በዙም መማር ይቻላል። የነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ስለሚቋረጥ ትምህርቱን በ40 ደቂቃ ተዋዋሉ። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለቱም በኩል የሙዚቃ ድምፅ ማስተካከያውን (Original Sound for Musicians የሚለውን) ክፈቱ፤ ካልሆነ ዙም የማሲንቆን ረጅም ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥሮ ይቆርጠዋል። ድምፁ ስለሚዘገይ አብሮ መጫወት አይሞከርም፤ እሱ ይጫወታል፣ ልጁ ይደግማል። የእናንተ ጠዋት 4 ሰዓት በበጋችሁ ለአስተማሪው ከቀኑ 11 ነው፣ በክረምታችሁ 12፤ ሰዓታችሁ የሚቀየርበትን ሳምንት አስቀድማችሁ ንገሩት፣ አለበለዚያ ያልተማራችሁበትን ትከፍላላችሁ።