ከሲንጋፖር እስከ ኒው ዮርክ፦ ያለማቋረጥ መብረር ወይስ በፍራንክፈርት በኩል?

ከሲንጋፖር ቻንጊ ወደ ኒው ዮርክ ጆን ኤፍ ኬኔዲ የሚጓዙ ወዳጆቼ ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ያለማቋረጥ የሚበረው ይሻላል ወይስ ፍራንክፈርት ላይ የሚያርፈው? የእኔ ምርጫ የፍራንክፈርቱ ነው፤ ግን ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት የተገዛ እንደሆነ ብቻ።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ርቀቱን ቢሆንም ውሳኔው እዚያ ላይ አይደለም። በሁለቱ አየር ማረፊያዎች መካከል ያለው አጭሩ መስመር 15,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በፍራንክፈርት በኩል 16,400 ገደማ ይደርሳል። ያለማቋረጥ የሚበረውም ቢሆን ከኋላ የሚገፋ ነፋስ ለማግኘት ብዙ ጊዜ በፓስፊክ ውቅያኖስ በኩል ስለሚዞር ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአንጻሩ የፍራንክፈርቱ አትላንቲክን ሲያቋርጥ ነፋሱን ፊት ለፊት ይገጥማል፤ በዚያ ላይ መሬት ላይ የሚያልፈው ጊዜ ሲታከልበት ጉዞው 24 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ያለማቋረጥ የሚበረው 18 ወይም 19 ሰዓት ስለሚፈጅ የሚተርፈው 5 ወይም 6 ሰዓት ነው።

እነዚህ ሰዓታት ስንት ያወጣሉ? ሲንጋፖር አየር መንገድ በዚህ መስመር የሚያሰማራው ኤርባስ ኤ350-900 ዩኤልአር 161 መቀመጫዎች ብቻ ያሉት ሲሆን 67ቱ የቢዝነስ፣ 94ቱ የፕሪሚየም ኢኮኖሚ ናቸው። ተራ ኢኮኖሚ ስለሌለው ርካሹ ትኬት ራሱ የሚጀምረው ከፕሪሚየም ነው፤ በፍራንክፈርት በኩል ግን ተራ ኢኮኖሚ ይገኛል። የዋጋውን ልዩነት በሚተርፈው ሰዓት ማካፈል ይበቃል፤ ልዩነቱ 600 ዶላር፣ የሚተርፈው 5 ሰዓት ቢሆን አንዱ ሰዓት በ120 ዶላር ተገዛ ማለት ነው። ከኪሱ ለሚከፍል ሰው ይህን ዋጋ አልመክርም።

አጥብቄ የማስጠነቅቀው ግን ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን አገናኝቶ የሚሸጠውን ርካሽ አማራጭ ነው። አንድ የማውቀው ሰው እንዲህ ገዝቶ የመጀመሪያው በረራ ሲዘገይ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ እንደቀረ መንገደኛ ቆጥሮት የዕለቱን ውድ ዋጋ ከፍሎ አዲስ ትኬት ለመቁረጥ ተገዷል። በአንድ ትኬት ቢሆን ኖሮ በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ግዴታ ይሆን ነበር። ከዚህም በላይ ሻንጣው እስከ መጨረሻው ካልተላከለት፣ መንገደኛው ሻንጣውን ተቀብሎ እንደገና ለማስረከብ ወደ ጀርመን መግባት ስለሚኖርበት የሸንገን ቪዛ ሊያስፈልገው ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱም በረራዎች በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር መመዝገባቸውን፣ ሻንጣውም እስከ ኒው ዮርክ መላኩን አረጋግጡ።

ያለማቋረጥ የሚበረውን የምመክረው መውረድና መሳፈር ለሚከብዳቸው አረጋውያን፣ እንዲሁም ቀድሞውንም ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ለመግዛት ለወሰነ ሰው ነው፤ በአንድ ዓይነት መደብ ሲነጻጸሩ የዋጋው ልዩነት ሊጠብ ስለሚችል ያን ጊዜ 5 ሰዓቱን መግዛት ያዋጣል።