ለቲአይቢሲ (ደም ብረት የመሸከም አቅሙ የሚለካበት ምርመራ) የትኛውን ኪት እንግዛ?

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ደም ማነስ የሚያጠና ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ሄሞግሎቢንን ነው። ከተማዋ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሄሞግሎቢንን ከፍ ስለሚያደርግ ቁጥሩ እንዳለ አይነበብም። ሸዋ ሮቢት ወርዶ ናሙና የሰበሰበ ደግሞ ማስተካከያው ሌላ ነው። ዞሮ ዞሮ ብረቱን ራሱን ወደ መለካት ይመጣል። ሲረም አይረን (ደም ሲረጋ በሚለየው ፈሳሽ፣ በሲረም ውስጥ ያለው ብረት)፣ ከዚያ ቲአይቢሲ፣ ማለትም ደሙ በጠቅላላ መሸከም የሚችለው የብረት መጠን።

በፕሮፎርማ ላይ በርካሽ ዋጋ ቀድሞ የሚታየው የማግኒዚየም ካርቦኔት ዘዴ ነው። ግማሽ ሚሊ ሲረም ላይ 1 ሚሊ የብረት መፍትሄ ይጨመራል። ትራንስፈሪኑ፣ ማለትም ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን፣ እስኪጠግብ ይይዛል፣ የተረፈውን የማግኒዚየም ካርቦኔቱ ዱቄት ይለቅመዋል። ሴንትሪፉጅ ተደርጎ ከላይ በጠራው ፈሳሽ ውስጥ ያለው ብረት ይለካና፣ ሲረሙ ሦስት እጥፍ ስለቀጠነ፣ በ3 ይባዛል። ለማውራት ቀላል ነው። እኔ ስሠራው ዱቄቱ በደንብ አልተቀመጠም ነበር። ፓይፔቱ ጫፍ ላይ ነጭ ቅንጣት አየሁ፣ «ምንም አይልም» ብዬ አለፍኩ። ንባቡ ዘለለ። ሲደገም ሌላ ግማሽ ሚሊ ሲረም ሄደ። ከሕፃናት ደም የወሰደ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዩአይቢሲ፣ ማለትም ትራንስፈሪኑ ላይ ገና ብረት ያልያዘውን ባዶ ቦታ የሚለካው ዘዴ፣ ሌላ መንገድ ይሄዳል። አልካላይን ባፈር ውስጥ የታወቀ መጠን ያለው ብረት አለ። ትራንስፈሪኑ ባዶ ቦታውን ይሞላል፣ የተረፈው ብረት ፌሮዚን ከሚባል ኬሚካል ጋር ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ዱቄት የለም፣ ሴንትሪፉጅ የሚያስፈልገው ሲረሙን ለመለየት ብቻ ነው። ቀለሙ ግን ተገላቢጦሽ ነው፤ በጠቆረ ቁጥር ባዶው ቦታ ያነሰ ነው። የመጀመሪያ ቀን የጠቆረውን ቲዩብ አይቼ «ይሄስ አቅም አለው» ብያለሁ። ሲረም አይረን 60፣ ዩአይቢሲ 340 ማይክሮግራም በዴሲሊትር ከሆነ ቲአይቢሲው የሁለቱ ድምር፣ 400 ነው። ሳቹሬሽኑ፣ ማለትም ከአቅሙ በብረት የተያዘው ድርሻ፣ 15 በመቶ፤ የብረት እጥረት የሚያስጠረጥር ቁጥር ነው።

ሦስተኛው ትራንስፈሪንን በፀረ እንግዳ አካል መለካት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን ሙሉ አውቶማቲክ ማሽን ለሌለው ላቦራቶሪ አልመክረውም። ቲአይቢሲውም በስሌት ነው የሚገኘው። ኬሚካላዊ ዘዴዎች ከትራንስፈሪን ውጪ የተያዘ ብረትም ሊቆጥሩ ስለሚችሉ የሁለቱ ቁጥር ልክ አይገጥምም። ጥናቱን በአንዱ ከጀመራችሁ በዚያው ጨርሱ።

መቶ የማይሞላ ናሙና ላለው፣ ሴሚ አውቶ (ከፊል አውቶማቲክ) ማሽን ለሚጠቀም ላቦራቶሪ እኔ የምገዛው ዩአይቢሲ ነው። ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን የማሽናችሁን ፊልተር፣ ማለትም የሚያነብበትን የብርሃን ሞገድ ርዝመት፣ እዩ። ፌሮዚን በ560 ናኖሜትር አካባቢ ነው የሚነበበው። ብዙ ሴሚ አውቶዎች ያላቸው 546 እና 578 ነው። የኪቱ መመሪያ ከሁለቱ አንዱን ይፈቅድ እንደሆነ አቅራቢውን ጠይቁ። «100 ቴስት» የሚለውንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ፤ ለካሊብሬተር (ማሽኑ ለሚስተካከልበት)፣ ለኮንትሮል (ውጤቱ ለሚፈተሽበት) እና ለድጋሚ የሚሄደው ሲቀነስ የሚተርፈው ሌላ ቁጥር ነው። የሲረም አይረን ኪቱን ከዚያው አምራች ውሰዱ።

ወይን ጠጅ ቀለም ክዳን ያለውን የደም ቲዩብ እዚህ ሥራ ላይ እንዳታስገቡት። በውስጡ ያለው ኢዲቲኤ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኬሚካል፣ ብረቱን ራሱ ይይዘዋል፣ ውጤቱ ገደል ይገባል። ቀይ ወይም ጄል ያለው ቢጫ ክዳን ይሁን፣ ደሙም ጠዋት ይቀዳ፤ ሲረም አይረን በቀን ውስጥ ይዋዥቃል። ቲዩብና ጠርሙስ በአሲድ ታጥቦ በዲአዮናይዝድ (ማዕድኑ በወጣለት) ውሃ ይለቅለቅ። የቧንቧ ውሃ ብረት የነካው ብላንክ (ናሙና የሌለበት ማነጻጸሪያ ቲዩብ) ገና ሳይጀመር ሐምራዊ ሆኖ ይጠብቃችኋል።